አንድ ጥማድ አርሶ ተራራውን ማጠር፦ የኦሌድ ቁሶች ፓተንት እንዴት ይመረመራል?

ስልካችሁ ኦሌድ ስክሪን ካለው፣ ማታ የክፍሉን መብራት አጥፉና ሙሉ ለሙሉ ጥቁር የሆነ ምስል ክፈቱበት። ስልኩ የጠፋ ይመስላል። ዓይናችሁ አልተታለለም፤ ጥቁር በሆነው ቦታ ያሉት ነጥቦች እውነትም ጠፍተዋል። በኤልሲዲ ስክሪን ከጀርባ ያለው መብራት ሁልጊዜ ይበራል፤ ጥቁር የምንለው ያ መብራት ሲከለል የሚቀረውን ነው። ኦሌድ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ለራሱ መብራት ነው። የሚያበራው ደግሞ ሽቦም ጋዝም ሳይሆን ኬሚስቶች አስበው የሠሩት፣ ካርቦን ያለበት ሞለኪውል ነው።

ታዲያ ያ ሞለኪውል የማን ነው? አንድ ኩባንያ አረንጓዴ የሚያበራ አንድ ሞለኪውል ሠርቶ “ይህንንና ይህን የሚመስሉትን ሁሉ ለ20 ዓመት ያለ እኔ ፈቃድ ማንም እንዳይሠራቸው” ቢልስ? የዛሬው ጉዳያችን ይቺ “የሚመስሉትን ሁሉ” የምትለዋ ነገር ናት። ምን ያህል ሰፊ መሆን እንደሚገባት የሚወስነው ሰው የፓተንት መርማሪ ይባላል። ስለ ሳይንቲስቶቹ ብዙ ይወራል፣ ስለ መርማሪው ግን ብዙም አይወራም።

መጀመሪያ ስለ ብርሃኑ

እ.ኤ.አ. በ1987 በኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ ሁለት ስስ የኦርጋኒክ ንጣፎችን በሁለት ኤሌክትሮዶች መሀል አድርገው፣ ከ10 ቮልት ባነሰ ኤሌክትሪክ አረንጓዴ ብርሃን ማግኘታቸውን አሳተሙ። የንጣፎቹ ውፍረት ተደምሮ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ በብዙ ያንሳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በአንድ በኩል ኤሌክትሮኖች ይገባሉ፣ በሌላው በኩል ኤሌክትሮን የጎደለባቸው “ቀዳዳዎች” ይገባሉ። መሀል ላይ ሲገናኙ አንድ ሞለኪውል በኃይል ይሞላል፤ ሞለኪውሉም ያንን ኃይል ብርሃን አድርጎ ይለቀዋል።

ችግሩ፣ በኳንተም ሕግ መሠረት ከአራት ግንኙነቶች ውስጥ ተራ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ብርሃን የሚያደርገው አንዱን ብቻ ነው። ሦስቱ ሙቀት ሆነው ይባክናሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 የፕሪንስተኑ ስቲቨን ፎረስት እና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ቶምፕሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር መፍትሔ አሳዩ፦ በሞለኪውሉ መሀል ከባድ ብረት፣ መጀመሪያ ፕላቲነም ቀጥሎ ኢሪዲየም፣ ሲቀመጥ የባከኑት ሦስቱም ወደ ብርሃን ሊለወጡ ይችላሉ። ከ25 በመቶ ወደ 100 በመቶ የመውጣት ዕድል ማለት ነው። (ይህ ሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ሒሳብ ነው፤ ከተፈጠረው ብርሃን ስንቱ ከስክሪኑ ሾልኮ ይወጣል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው።) ከዚያ በኋላ የዓለም ኬሚስት ሁሉ ኢሪዲየም ላይ ተረባረበ፣ የፓተንት ማመልከቻውም በዚያው ልክ ጎረፈ።

መርማሪዋ ላብራቶሪ የላትም

ፓተንት በመሠረቱ ውል ነው። ፈጣሪው የፈጠረውን ነገር ሌላ ባለሙያ አንብቦ መሥራት እስኪችል ድረስ ገልጦ ይጽፋል። በምላሹ መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ፣ በአብዛኛው አገር ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት፣ ሌላው እንዳይጠቀምበት የመከልከል መብት ይሰጠዋል። የሰነዱ ትልቁ ክፍል መግለጫ ነው፤ ሞለኪውሉ እንዴት ተሠራ፣ ሲለካ ምን አሳየ የሚለው እዚያ ይገኛል። ከሱ ሌላ በቁጥር የተዘረዘሩ፣ አንዳንዴ አንዱ ብቻውን ገጾች የሚሞላ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። የይገባኛል ጥያቄ ይባላሉ። መግለጫው ማሳው ነው ብንል የይገባኛል ጥያቄው አጥሩ ነው፤ ሰው ፍርድ ቤት የሚካሰሰው ደግሞ በአጥሩ ነው።

ብዙ ሰው መርማሪዋ የቀረበላትን ነገር ሠርታ የምትሞክር ይመስለዋል። አትሞክርም። የሞለኪውሉን ዱቄት አታይም፣ መብራቱንም አብርታ አትለካም። ያላት ወረቀት፣ ዳታቤዝ እና የራሷ የኬሚስትሪ ዕውቀት ነው። እንደ እኔ ኢንጂነሪንግ ለተማረ ሰው ሳይለኩ መፍረድ የሚከብድ ነገር ነው። ግን አስቡት፦ እያንዳንዱን ሞለኪውል ለመሥራትና ለማጣራት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያ በቫኪዩም ውስጥ ንጣፍ በንጣፍ ማነጠፍ አለ፣ ከዚያ ደግሞ መብራቱ እስኪደክም መጠበቅ አለ። መርማሪዋ ይህን ሁሉ ልሥራ ብትል የመጀመሪያው ማመልከቻ ሳያልቅ ጡረታ ትወጣለች። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ አመልካቹ ባቀረበው ሠንጠረዥ ላይ ይወድቃል።

መቶ ሚሊዮኑ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በጣም የታወቀውን አረንጓዴ የኢሪዲየም ሞለኪውል ውሰዱ። መሀሉ ላይ አንድ የኢሪዲየም አቶም አለ፤ በዙሪያው ሦስት ተመሳሳይ ክንፎች ይዘውታል። ኬሚስቶች ሊጋንድ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ክንፍ እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት ቀለበቶች ናቸው፤ በክንፉ ላይ 8 ሃይድሮጅኖች አሉ፣ በእያንዳንዱ ቀለበት አራት አራት።

ጥሩ ጠበቃ ያለው አመልካች ይህን ሞለኪውል እንዳለ አይጠይቅም። እንዲህ ይላል፦ “በስምንቱ ቦታዎች በእያንዳንዳቸው ሃይድሮጅን፣ ወይም ፍሎሪን፣ ወይም ሜቲል፣ ወይም ፌኒል፣ ወይም ... ሊኖር ይችላል።” አማራጮቹ 10 ብቻ ናቸው እንበል፤ እውነተኞቹ ማመልከቻዎች ከዚህ በጣም ይበልጣሉ። ሦስቱ ክንፎችም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁኑ እንበል። ስምንት ቦታ፣ ለእያንዳንዱ አሥር አማራጭ። 10 በ10 ስምንት ጊዜ ሲባዛ 100,000,000 ይሆናል። በአንድ ዓረፍተ ነገር መቶ ሚሊዮን ሞለኪውል ታጠረ ማለት ነው። በቀን አንድ አንድ እየሠራን እንፈትሻቸው ብንል ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅብናል። ክንፎቹ ይለያዩ ካልን ደግሞ ቁጥሩን መጥራትም ያስቸግራል።

እንዲህ ዓይነቱ አጻጻፍ ማርኩሽ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከዩጂን ማርኩሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ውስጥ በማቅለሚያዎች ላይ ፓተንት ሲያገኝ “ከዚህ ቡድን ውስጥ የተመረጠ” የሚለውን አገላለጽ ተጠቀመ፣ አጻጻፉም ተቀባይነት አገኘ። በራሱ ማጭበርበር አይደለም። እንዲያውም ምክንያት አለው፦ አመልካቹ የሠራትን አንዲት ሞለኪውል ብቻ ቢያጥር፣ ተፎካካሪው ዳር ላይ አንዲት ሜቲል ለጥፎ “የኔ ሌላ ነው” ብሎ ይሄዳል። ዓመታት የደከመው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። በሌላ በኩል አጥሩ ከልክ በላይ ከሰፋ፣ ማንም ሠርቷቸው የማያውቅ፣ ያበራሉ አያበሩም የማይታወቅ ሞለኪውሎች ለ20 ዓመት ይቆለፋሉ። አንዲት ጥማድ አርሶ ተራራውን በሙሉ እንደማጠር ነው። መርማሪዋ በነዚህ በሁለቱ መሀል ነው መስመር የምታሰምረው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም

የሚገርመው ይኸው ክርክር፣ ያውም በብርሃን ጉዳይ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ተደርጓል። ሶየር እና ማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ለኤሌክትሪክ አምፖል የሚሆን ክር ከከሰለ ወረቀት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ባገኙት ፓተንት ግን የጠየቁት የከሰለ ወረቀትን ብቻ አልነበረም፤ የከሰለ “ጭረታም ወይም የጨርቅ ዓይነት” ቁስን ሁሉ ነበር። ጥጥ፣ እንጨት፣ ሣር፣ ቀርከሃ፣ ሁሉም ገባበት።

ኤዲሰን በበኩሉ ተስማሚ ክር ፍለጋ ከ6,000 በላይ ዕፅዋት አስፈትሾ ነበር። የተሻለው የተወሰነ የቀርከሃ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ጭረቶቹ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን የተሰለፉበት ክፍሉ። የሶየርና የማን ፓተንት ባለቤት የሆነው ኩባንያ የኤዲሰንን አምፖል ይጠቀም የነበረውን የማኪስፖርት መብራት ድርጅት “ቀርከሃም ጭረታም ነው፣ የኛ ነው” ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1895 ፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጭረት ያላቸውን ቁሶች በሙሉ ለአምፖል ተስማሚ የሚያደርግ አንድ የጋራ ባሕርይ አግኝታችሁ ቢሆን ኖሮ ሰፊውን አጥር መጠየቅ ትችሉ ነበር። ግን አላገኛችሁም። ከነዚያ ሁሉ ሺህ ዕፅዋት ውስጥ አብዛኞቹ አይሠሩም፤ የሚሠራውን ለማግኘት ሌላው ሰው እንደገና ከዜሮ መድከም ነበረበት። ስለዚህ ፓተንቱ ከልክ በላይ ሰፍቷል፣ ውድቅ ነው።

“የጋራ ባሕርይ አለ ወይ?” የሚለው ጥያቄ ዛሬም መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለኢሪዲየም ቤተሰብ በከፊል መልስ አለ። ከባዱ ብረት ለሁሉም የጋራ ነው፣ የባከነውን ኃይል ወደ ብርሃን የሚመልሰውም እሱ ነው። ግን ክንፉ ላይ የሚለጠፈው ነገር ቀለሙን ይቀይራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ብርሃኑን ያጠፋዋል። ስለዚህ አመልካቹ አሥራ አምስት ሞለኪውል ሠርቶ አሥራ አምስቱም ሜቲል ብቻ ያላቸው ከሆኑ፣ መርማሪዋ “ሜቲሉን ተቀብያለሁ፣ ስለ ሌሎቹ ዘጠኙ አማራጮች ግን በምን አውቃለሁ?” ብላ ትጽፋለች። አመልካቹ ማስረጃ ያመጣል ወይም አጥሩን ያጠብባል። ብዙውን ጊዜ ያጠብባል።

ፍራፍሬና ማንጎ

ሁለተኛው ትልቅ ፈተና አዲስነት ነው። እዚህ ጋ አንድ የሚያስቅ ሕግ አለ። ከኔ በፊት ሰው “ፍራፍሬ” ብሎ ጽፎ ከሆነ የኔ “ማንጎ” አሁንም አዲስ ሊሆን ይችላል፤ “ፍራፍሬ” ማለት ማንጎን ለይቶ መናገር አይደለምና። ሰው “ማንጎ” ብሎ ጽፎ ከሆነ ግን የኔ “ፍራፍሬ” አዲስ አይደለም፣ ምክንያቱም አንዱ ፍራፍሬ አስቀድሞ ታውቋል። ወደ ሞለኪውል ስንመልሰው፦ መቶ ሚሊዮን ሞለኪውል ያጠረ የይገባኛል ጥያቄን ከነዚያ ውስጥ አንዷ ብቻ ቀድማ ታትማ ከተገኘች ትጥለዋለች። በተቃራኒው ሌላው ሰው መቶ ሚሊዮን አጥሮ ስለነበር ብቻ፣ ከውስጡ ማንም ያልጠቀሳትን አንዲት ሞለኪውል ለይቶ የሠራ ሰው ፓተንት ሊያገኝባት ይችላል።

ያቺ ቀድማ የታወቀች አንዷ የትም ልትኖር ትችላለች። በአውሮፓ ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ማንኛውም ጽሑፍ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ በየትኛውም አገር ይቆጠራል። የጃፓን ፓተንት፣ የቻይና ጆርናል፣ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማንም ገብቶ ሊያነበው የሚችል የማስተርስ ጽሑፍ ሁሉም እኩል ነው። ፍለጋው በቃላት አይሆንም፤ አንድ ሞለኪውል አራት አምስት ስም ሊኖረው ይችላልና። መርማሪዋ የሞለኪውሉን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ ትስለዋለች፣ ዳታቤዙም የሚገጥመውን ይፈልጋል። የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ክፍል የሆነው ካስ የሚይዘው መዝገብ ብቻ ከ200 ሚሊዮን በላይ ንጥረ ነገሮች አሉት። የማርኩሽ አጥሮችን ራሳቸውን በቅርጽ የሚፈልግ ዳታቤዝም አለ፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ ሙያ መሣሪያዎች ሁሉ የምቀናው በዚህኛው ነው።

“ይህንን ማን ያጣዋል?”

አዲስ መሆን ብቻውን አይበቃም። ለመስኩ ባለሙያ ግልጽ ያልሆነ ነገር መሆን አለበት። መርማሪዋ በጣም የሚቀርበውን የቀድሞ ሞለኪውል ታወጣና “ከዚህ እስከዚያ የተደረገው እርምጃ ማንም ሊያስበው የሚችል ነው ወይስ አይደለም?” ትላለች።

ዲዩተሪየምን እንደ ምሳሌ እንየው። ዲዩተሪየም ከባድ ሃይድሮጅን ነው፤ ኬሚስትሪው ያው ነው፣ ክብደቱ ግን እጥፍ ገደማ ነው። ከካርቦን ጋር ሲያያዝ ንዝረቱ ቀስ ይላል፣ ማያያዣውም ትንሽ ይጠነክራል። ይህ ለምን ይጠቅማል? በተለይ ለሰማያዊ። የሰማያዊ ብርሃን አንድ ፎቶን 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ኃይል ይይዛል፤ ካርቦንና ናይትሮጅንን የሚያያይዘው ተራ ማያያዣ የሚበጠሰው በ3 ገደማ ነው። ማለትም ሰማያዊ የሚያበራ ሞለኪውል በእያንዳንዱ ብልጭታ ራሱን ለመስበር ጥቂት የቀረው ኃይል ይሸከማል። ሰማያዊው ከቀይና ከአረንጓዴው ቀድሞ የሚደክመውም በዋናነት ለዚህ ነው። ኤልጂ ዲስፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ዲዩተሪየም የገባበት የኦሌድ ቴሌቪዥን ስክሪን ማዘጋጀቱን አስታውቋል።

እንግዲህ ዛሬ አንድ አመልካች የታወቀ ሞለኪውል ወስዶ ሃይድሮጅኖቹን በዲዩተሪየም ተክቶ ቢመጣ፣ መርማሪዋ “ዲዩተሪየም ዕድሜ እንደሚጨምር ሁሉም ያውቃል፣ ይህንን ማን ያጣዋል?” ልትል ትችላለች። አመልካቹን የሚያድነው ያልተጠበቀ ውጤት ነው። ለምሳሌ ስምንቱም ቦታ ላይ ሲተካ ዕድሜው በጥቂቱ ብቻ የሚጨምር ሆኖ፣ አንዷ የተለየች ቦታ ላይ ብቻ ሲተካ ግን በሦስት እጥፍ ቢረዝም፣ ይህንን ማንም አልጠበቀም። ንጽጽሩ ግን ንጹሕ መሆን አለበት፦ ሁለቱ መሣሪያዎች በሁሉም ንጣፍ አንድ ሆነው በዚያች ሞለኪውል ብቻ መለያየት አለባቸው። ንጣፉም ብረቱም አብረው ከተቀየሩ ዕድሜውን ያራዘመው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። መርማሪዎች ይህን ይወቁበታል።

ማስረጃው ዘግይቶ ቢመጣስ? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ከፍተኛው የይግባኝ ጉባኤ፣ በፀረ ነፍሳት ኬሚካል ጉዳይ ተነስቶ፣ ማስረጃ ከማመልከቻው በኋላ ስለቀረበ ብቻ አይጣልም ብሏል። ነገር ግን የሚባለው ጥቅም መጀመሪያ ከተጻፈው ትምህርት ውስጥ ለባለሙያ የሚወጣ መሆን አለበት። ባዶ ሐሳብ አስገብቶ ቦታ መያዝ፣ ሙከራውን በኋላ መሥራት አይቻልም ማለት ነው።

በቅርጽ ሳይሆን በውጤት የሚጠይቁም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በጃፓን ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የቺሃያ አዳቺ ቡድን ያለ ከባድ ብረት፣ በክፍሉ ሙቀት ብቻ እየታገዘ የባከነውን ኃይል ወደ ብርሃን የሚመልስ ሞለኪውል አሳየ። ቁልፉ በሁለት የኃይል ደረጃዎች መሀል ያለውን ክፍተት በጣም ማጥበብ ነው። አሁን አንድ ሰው “ክፍተቱ ከዚህ ቁጥር በታች የሆነ ሞለኪውል ሁሉ የኔ ነው” ቢል አስቡት። እንዲህ ያለው ሰው መሥፈርቱን ነገረን እንጂ ሞለኪውሉን እንዴት እናገኘዋለን የሚለውን አልነገረንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በአምጄንና በሳኖፊ የመድኃኒት ክርክር ላይ፣ 26 ምሳሌ አሳይቶ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩትን ሁሉ የጠየቀን ፓተንት ውድቅ ሲያደርግ፣ ከጠቀሳቸው ፍርዶች አንዱ ያ የ1895ቱ የአምፖል ክር ጉዳይ ነበር።

አጥሩ ራሱ ሸቀጥ ነው

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? አጥሩ ይሸጣላ! እ.ኤ.አ. በ2016 የጀርመኑ ኬሚካል ኩባንያ ባስፍ የኦሌድ ፓተንቶቹን ዩኒቨርሳል ዲስፕሌይ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ87 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሸጧል። የተሸጠው ፋብሪካ አይደለም፤ የመከልከል መብት ነው።

ፓተንት የሚሠራው ግን በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። በኮሪያ የተሰጠ ፓተንት ኢትዮጵያ ውስጥ አያስርም። እኛ ጋ ያለው አዋጅ ቁጥር 123/1987 (እ.ኤ.አ. 1995) የራሱ ዘመን አለው፦ 15 ዓመት፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ደግሞ ተጨማሪ 5 ዓመት። ኬሚስትሪ ወይም ማቴሪያል ሳይንስ ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሞለኪውላችሁን ኮንፈረንስ ላይ አቅርባችሁ ወይ ጆርናል ላይ አሳትማችሁ በማግስቱ አውሮፓ ፓተንት ብትጠይቁ፣ አዲስነቱን የሚያፈርሰው የራሳችሁ ጽሑፍ ይሆናል። አሜሪካ የአንድ ዓመት ጊዜ ትሰጣለች፣ አውሮፓ ግን በዚህ ጨካኝ ነው። መጀመሪያ ማመልከቻው፣ ከዚያ ጭብጨባው።

እስከዚያው ግን መርማሪ ሆናችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ጉግል ፓተንትስም ሆነ የአውሮፓው ኢስፓስኔት በነፃ ክፍት ናቸው። አንድ የኦሌድ ማመልከቻ ክፈቱ፣ የመጀመሪያውን የይገባኛል ጥያቄ አግኙ፣ ስንት ቦታ ላይ ስንት አማራጭ እንዳለ ቁጠሩና አባዙት። ከዚያ ወደ ሠንጠረዦቹ ሂዱና በትክክል ተሠርተው የተለኩትን ሞለኪውሎች ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው። ሠንጠረዡ ውስጥ “የንጽጽር ምሳሌ” የሚል መስመር ካላገኛችሁ፣ የመርማሪዋም የመጀመሪያ ደብዳቤ የሚጠይቀው እሱን ሳይሆን አይቀርም።